ስልክ ስለሌላቸው ሰባት መቶ አምስት ሰዎች፦ ለመረጃና ዕቅድ ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን የመረጃና ዕቅድ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ድንገት ካመመዎት ግን ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የስልክ ቁጥር እንዲይዙ በትሕትና እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የትምህርት መጻሕፍት ማከፋፈያ መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። የትኛው ትምህርት ቤት ስንት መጽሐፍ እንደደረሰው ከኮምፒውተር ጠይቄ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ ማጋጠም ማለት ምን እንደሆነ በመጠኑ አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ በማተሚያ ቤት እርማት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ዓይኗ መደብዘዝ ሲጀምር መጀመሪያ ያማረረችው ጋዜጦች ቀለም ቆጥበዋል ብላ ነበር። ቀለሙ እንዳልቀነሰ በመጨረሻ ስትረዳ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ብቻዋን መጥታ እናንተ ዘንድ ካርድ አወጣች።

መዝጋቢው ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት። እሷም፣ «ስልክ የለኝም፤ የምፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ በእግሬ የምደርስባቸው ናቸው» አለችው። እሱም ሳጥኑን ባዶ ትቶ፣ «በአራት ወር ውስጥ ይጠራሉ እማማ» ብሎ ሸኛት። ድሮ የተጠሪዎች ስም በየሳምንቱ ሰኞ በራችሁ ላይ ይለጠፍ ስለነበረ፣ እሷም ስሟ የሚለጠፍ መስሏት በሰላም ወደ ቤቷ ተመለሰች። አዲሱ ሲስተም መምጣቱን፣ ወረቀቱም መቅረቱን የነገራት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ አራት ወር አለፈ። በአምስተኛው ወር መጥቼ መስኮቱ ላይ ብጠይቅ «ተራ ነው፣ ይጠብቁ» ተባልኩ። በስምንተኛው ወር እናቴ የቤታችንን የመጨረሻ ደረጃ አጥታ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። እኛ በጀሶ ተጠምደን ሳለን፣ ከእሷ ስድስት ወር ዘግይቶ ካርድ ያወጣው ጎረቤታችን ቁልፍ ቀራጩ ተጠርቶ ታክሞ፣ ቁልፍ በዓይኑ እያየ መቅረጽ ጀመረ። ደስታችን ሳይበርድ፣ ሆስፒታሉ ለዚያው ዓይን ቀዶ ሕክምና ድጋሚ ደወለለት። በሳምንቱ በሚስቱ ስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችሁት። ሰውየው ለነርሷ፣ «እህቴ፣ እኔ ያለኝ ሁለት ዓይን ነው፤ ሦስተኛውን ስታገኙት ንገሩኝ» ማለቱን ራሱ እየሳቀ ነገረን። እናቴ አልሳቀችም። «አንተ ስንት ስልክ አስመዘገብክ?» ብላ ጠየቀችው። ሦስት፤ የራሱን፣ የሱቁንና የሚስቱን።

በዚያ ጥያቄዋ ነው እኔ ነገሩ የገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሕተት ስትፈልግ የኖረች ሴት ያለ ዓይንም ታገኘዋለች።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ ከእናቴ ጋር መጣን። በመግቢያው ላይ ያቆማችሁትን የሚያምር ሰሌዳ በቅድሚያ ላመስግን። «በአዲሱ ሲስተም የተራ ጠባቂዎች ቁጥር ከ1,912 ወደ 1,480 ቀነሰ!» ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፎቶግራፍ የምስክር ወረቀት ይዞ ቆሟል። አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ምላጭ እንዲህ መገላገሉ ሕክምና ከደረሰበት ደረጃ በላይ መሆኑን ለመመስከር የሕክምና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

መስኮት አራት ላይ ያለው ሠራተኛ ካርዷን አይቶ፣ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ «በዝርዝሩ የሉም» አለ። «እንዴት የለሁም?» አለች እናቴ፣ በተጠቀለለ እጇ መስኮቱን ተደግፋ። «ሲስተሙ ላይ የሉም እማማ፤ ሲስተሙ አይሳሳትም።» እሷም ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «እኔማ አለሁ ልጄ፤ የጎደለው ዝርዝሩ ነው» አለችው። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ።

ሦስተኛ፦ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረችው ዝምተኛ ሴት፣ ይህን ሁሉ ሰምታ ነበር። ወደ ውስጥ ጠርታን ወንበር ሰጠችን፤ እኔ የምሠራውን ስነግራትም የዝርዝሩን መጠይቅ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስሞቹን እንዲያወጣ የሚታዘዝበትን ጽሑፍ፣ በኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። የማንም ታማሚ ስም አላየሁም፤ ያየሁት አራት መስመር ነው። ከፈቀዱልኝ በፊርማዎ የጸደቀውን አራት መስመር ላስረዳዎት፤ ሳያነቡት ፈርመዋል ብዬ ማሰብ ድፍረት ይሆንብኛልና።

በአንዱ ሠንጠረዥ የታማሚዎች ስም ከነካርድ ቁጥራቸው ተቀምጧል። በሌላው ሠንጠረዥ የስልክ ቁጥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ስልክ በባለቤቱ ካርድ ቁጥር ተመዝግቧል። መጠይቁ ሁለቱን በካርድ ቁጥር ያጋጥምና ዝርዝር ያወጣል። ታዲያ የተጻፈው «ኢነር ጆይን» የሚባለው ዓይነት ነው፤ በሁለቱም ሠንጠረዥ ያለውን ብቻ ያስቀራል። ስልክ የሌለው ሰው በሁለተኛው ሠንጠረዥ ጥንድ ስለማያገኝ፣ ሳይሰናበት፣ ምልክትም ሳይተው ይጠፋል። ሦስት ስልክ ያለው ደግሞ ሦስት ረድፍ ይሆናል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ቁጠር ሲባል ሰው አልቆጠረም፤ ረድፍ ቆጠረ። የእርስዎ 1,480 ሰው አልነበረም፤ የስልክ ብዛት ነበር።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ «ኢነር» የሚለውን ቃል «ሌፍት» በሚለው ተካችው፤ ይህም በግራ ያለው ሰው ሁሉ፣ ስልክ ባይገኝለትም፣ ከነባዶ ሳጥኑ ይቆይ ማለት ነው። ቆጠራውንም አንድን ካርድ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠር አለችው። ሁለት ቃል ነካች፤ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ስልክ ያላቸው 1,207፣ ስልክ የሌላቸው 705፣ ድምሩ 1,912 ወጣ። አንድም ሰው አልቀነሰም ነበር። እናቴ ከሰባት መቶ አምስቱ አንዷ ነበረች።

ሠራተኛዋ ድምሩን ሁለተኛ ጊዜ አስደመረችው። ከዚያ፣ «እኔ ነኝ በየሰኞው ይህን ዝርዝር ለደዋዮቹ ያተምኩት» አለች። እናቴም የሠራተኛዋን ጉልበት ዳብሳ አግኝታ እጇን አሳረፈችበትና፣ «አንቺማ ያየሽ ነሽ» አለቻት።

አራተኛ፦ ሰሌዳዎ «አማካይ የጥበቃ ጊዜ 96 ቀን» ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ጥበቃው ላለቀለት። ኮምፒውተር አማካይ ሲያወጣ ባዶ ሳጥን ይዘላል፤ ያልተጠራ ሰው የቀዶ ሕክምናው ቀን ባዶ ስለሆነ የጠበቀው አሥራ አንድ ወር እንዳልጠበቀው ይታለፋል። ቁልፍ ቀራጩ የጠበቀው ሰባ ቀን በአንጻሩ ሦስት ጊዜ ተደምሯል። በዚህ ስሌት አንድን ሰው ፈጽሞ አለመጥራት አማካዩን እንደሚያሳምረው ልብ ማለትዎ የአስተዳደር ችሎታዎን ያሳያል።

አምስተኛ፦ ይህን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሻይዎን አስቀምጠው በትዕግሥት ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። ስሕተቱን አልካዱም፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ራስዎን ነቀነቁ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ቁጥሩ ወደ በላይ አካል ሄዷል። አሁን ቢስተካከል በአንድ ቀን አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ጨመረ ይባላል። ለሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት እናስተካክለዋለን።» እኔም፣ «እናቴስ እስከዚያ?» አልኩዎት። እርስዎም፣ «እሷ በግል ታመልክት» አሉኝ። እስከ ዛሬ የማይገባኝ፣ አለሁ ብሎ ለማመልከት ማመልከቻው ላይ የስልክ ቁጥር የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የሚቀጥለውን ዓመት አልጠበቀችም። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት የሰባት መቶ አምስቱን ስም አትማ በሩ ላይ ለጠፈች። ዘበኛው ለመጣ ሁሉ ነገረ፤ ቁልፍ ቀራጩም አንድ ቅጂ ሱቁ ላይ ሰቀለ። ሰዎች መጡ። ግን ዓይን የሚታከም ሰው የተለጠፈ ወረቀት እንዴት ያንብብ? ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ የሚቆሙትን አይቼ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ሦስት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ስም በስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ ስማቸው ሲጠራ እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተው «አቤት!» አሉ። አንዲት እናት ስሟን ስትሰማ ተቀመጠች፤ ለምን እንደተቀመጠች ስጠይቃት «ረስተውኛል ብዬ ነበር» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። ለመርሳት እኮ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

እናቴ በአምስተኛው ሳምንት ተራዋ ደረሰ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ ነገራት። የግራው ሞራ ብቻ ስለሆነ ይነሣል። የቀኙ ግን የዓይን ግፊት ገብቶበት ነርቩን ጎድቶታል፤ «ከአምስት ስድስት ወር በፊት ባየው ኖሮ...» ብሎ አቆመ። እናቴም ዓረፍተ ነገሩን እንዳይጨርሰው በእጇ ምልክት ሰጠችው።

የግራው ፋሻ በተፈታ ቀን መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ብዙ አየችኝ። ከዚያ፣ «ፀጉርሽ ሸብቷል እኮ። ማን ነው የደበቀኝ?» አለች። ሁለታችንም አለቀስን፤ ሐኪሙ እንባ ለቁስሉ ጥሩ አይደለም ብሎ ተቆጣን።

የተከበሩ ኃላፊ፤ ስለ ቀኙ ዓይን የምጠይቅዎ ነገር የለም፤ ቢኖርም እርስዎ የሚመልሱት አይደለም። የምጠይቀው ስለ ካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ነው። «ከተፈቀደው አሠራር ውጭ መጠይቅ በመለወጥና የተቋሙን ገጽታ የሚጎዳ ቁጥር በማውጣት» በሚል በፊርማዎ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ወደ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል አዛውረዋታል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በእንፋሎቱ መሃል ቆማ አንሶላ ትቆጥራለች። አንድም አንሶላ ስልክ የለውም፣ ግን አንድም አይጎድልባትም። «ሰዎቹ ተጠሩ ወይ?» ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሡ፣ እሷንም ወደ ቦታዋ እንዲመልሱ፣ የሰሌዳውንም ቁጥር እንዲያርሙ እጠይቃለሁ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ ሰሌዳው ይቆይ፤ እሷን ይመልሷት።

ይህን ሁሉ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ከበላይ የሚመጣልዎ የምስክር ወረቀት በግድግዳዎ ላይ ቦታ እስኪያጣ እንዲበዛልዎ ከልብ በመመኘት፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የመጋዘኗ ሠራተኛ፣ የአራሚዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ በሩ ላይ ከተጠሩት ሰባት መቶ አምስት ሰዎች እስከ ትናንት ስድስት መቶ አርባ አንዱ ተገኝተዋል። ከቀሩት መካከል የአሥራ አንዱ ቤተሰቦች ካርዳቸውን ለመመለስ መጥተዋል፤ ባለካርዶቹ ተራ ሲጠብቁ አርፈዋል። ካርዶቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። እነዚህን አሥራ አንዱን ከቁጥሩ ሊቀንሷቸው ይችላሉ፤ ማንም አይከራከርዎትም።