ጤፍ ጫንባት ያልሽኝ ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ «እንደምን ከርመሻል» ተብሎ ነው የሚጀመረው። አንቺን እንደዚያ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ፤ ሲበርድ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ይህን የምጽፍልሽ ላለቅስብሽ ብዬ አይደለም፣ የሆነውን ልነግርሽ ነው። ድሮም ነገር ሳላስረዝም ሳወራሽ ነበር ደስ የሚልሽ።

መልካሳ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የጣሪያውን ሣር አንስቼ ቆርቆሮ አለበስኩት፤ ዝናብ ሲመታው ይጮኻል፣ አንቺ አትወጅውም ነበር። በቅሎሽን ለእህትሽ ለጌጤ ሰጥቻት አዳማ ወስዳታለች። ጎረቤታችን ገመዳ አገባ። «ይህ ሰው ከበሬዎቹ ጋር ነው የሚያረጀው» ትይው አልነበር? ከአዋሽ ማዶ ጫልቱ የምትባል ልጅ አመጣና አፋችንን አስያዘን።

መኪናዋም አለች። የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው።

ከግሪኩ ነጋዴ ስገዛት የሰው መጓጓዣ እንደነበረች ታስታውሻለሽ። የኋላ ወንበሯን ነቅዬ እህል መጫኛ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የአርሲ ነጋዴዎች እህላቸውን በበቅሎ አምጥተው ወንዙ መሻገሪያ ላይ ያራግፋሉ፣ እኔ ከዚያ አንስቼ አዳማ ባቡር ጣቢያ አደርሳለሁ። ጭነቱ ሲበዛ ባሌስትራዋ፣ አንቺ «የጎድን አጥንቷ» የምትያቸው ከጎማዎቹ በላይ የተደራረቡት ቅስት ብረቶች፣ ይለመጡ ጀመር። እኔም ከሌላ ስብርባሪ መኪና ላይ ፈትቼ በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት ጨመርኩባት። በቅሎ ነጂ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ ጀርባው የጠና ሩቅ ያደርሳል ብዬ አሰብኩ። አሥር ጆንያ ተሸክማ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሳይ በራሴ ኮራሁ።

አንቺ ግን ሌላም ነገር አውቀሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ገበያ ስትሄጂ ከጆንያው በላይ ተቀምጠሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። ስትመለሽ፣ መኪናዋ ባዶ ስትሆን፣ ድንጋይ በነካች ቁጥር ወደ ላይ ታፈናጥርሽ ነበር። የገዛሽው መስታወት መንገድ ላይ የተሰበረ ጊዜ «ይቺ መኪናህ ሆዷ ሲሞላ ጨዋ፣ ሲጎድል ባለጌ ናት» አልሽኝ። ከዚያ በኋላ ከገበያ በእግርሽ ነበር የምትመለሽው። እኔ ነገሩን ከቀልድ ቆጠርኩት። ሹፌር የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ኋላ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት አያይም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሆድሽን ይዞሽ ሁለት ቀን ሰነበትሽ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር አዳማ የሚደርስበት ቀን ስለነበር ሐኪም ዘንድ ላደርስሽ መኪናዋን አስነሣሁ። ፍራሽ አንጥፈን አስተኛንሽ። ከትልቁ ግራር አጠገብ ካለው ድንጋያማ ቦታ ስንደርስ የጮኽሽው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ገመዳ አቁም አለኝ። አወረድንሽ። ያን ጊዜ እጄን ይዘሽ «ጤፍ ጫንባት፣ ያኔ ትተኛለች» አልሽኝ። ሁለት ጊዜ አልሽኝ። ትኩሳት ያስቀባጠረሽ መስሎኝ «እሺ፣ እሺ» አልኩሽ። ጤፉ እኮ ደጃችን ላይ በጆንያ ተደርድሮ ነበር።

ጎረቤት ቃሬዛ አመጣና በየተራ ተሸክመው ሄዱ። እኔ፣ ባለ መኪናው ተሰማ፣ ከቃሬዛው ኋላ በእግሬ ተከተልኩ። አዳማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ባቡሩ ሲነፋ ሰማን። ጣቢያው ስንደርስ ሐዲዱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ሌላው ባቡር ሳይመጣ በጌጤ ቤት ዐረፍሽ። ሐኪሙ ያድንሽ ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ባቡሩ ላይ ግን ትደርሽ ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ መኪናዋን ጓሮ አቆምኳትና ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። ስድስት ወር ቆይቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ከሞተሯ የፈላ ውሃ እጄን አቃጠለኝና ከሞጆ ሹፌር ቀጠርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ፣ ጆንያው ላይ፣ ተቀመጥኩ። ስንሄድ እንደ አንቺ ሸለብ አደረገኝ። እህሉን አራግፈን ስንመለስ ግን ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ብረቶቹ ለአሥር ጆንያ የጠነከሩ ናቸው፤ ከላያቸው የሚጫናቸው ካጡ መለመጥ አያውቁም። ያን ጊዜ ገባኝ። አቁም ብዬው ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ልጁ የታመምኩ መስሎት ውሃ አቀረበልኝ። አስካለ፣ ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ የጨመርኳቸውን ብረቶች ፈታሁ። የቀሩትን ዝገታቸውን በአሸዋ ፈግፍጌ በመካከላቸው ሞራ ቀባሁ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መኪናዋ ሥር ገብቶ ሲልስ ዋለ። ሰዎች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ የሰማሁትም ያኔ ነው፤ ስለ ውሾቹ ሳይሆን ስለ እኔ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ያም ብቻውን አልበቃም። መኪናዋ አሁን ለስላሳ ሆነች፣ ግን የምትይዘው አጣች። ወደ ወንዙ መውረጃ ያለው ጥምዝ ላይ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘምማ ልትገለበጥ ነበር። አዳማ ያለው አርመናዊ መካኒክ አይቶ ሳቀብኝ። ብረቱ ይለመጥ፣ ግን ከተለመጠ በኋላ መወዛወዙን የሚያቆምለት ነገር ያስፈልገዋል አለኝ። በሁለት ብረት መካከል ክብ ክብ ቆዳ ገብቶ በብሎን የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ብረቶቹ ሲንቀሳቀሱ ቆዳው እየተፋተገ ያረጋጋቸዋል። ብረቱን እሱ ሠራልኝ። ወፍራም ቆዳ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ የበቅሎሽን ኮርቻ ቆረጥኩት። ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ግማሹን አይጥ በልቶት ነበር።

ሲያልቅ የሞጆው ልጅ ባዶዋን እንዲነዳት አደረግሁና እኔ አንቺ የተኛሽበት ቦታ በጀርባዬ ተኛሁ። ግራሩ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ አንዴ ዝቅ አለች፣ ተነሣች፣ ጸጥ አለች። ልጁ ከፊት ሆኖ እንዴት ነው ጋሼ አለኝ። ቀጥል አልኩት።

ባለፈው ወር ጫልቱ ምጥ ያዛትና ሁለት ቀን ሆናት። ገመዳ ደጅ ስደርስ ቃሬዛው ታስሮ ነበር። መኪናዋን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። በሽተኛ የምታስጮህ ናት ብለው የሚያውቋት ከአንቺ ቀን ጀምሮ ነው። ገመዳ ግን መንገድ ለቀቀልኝ። ቃሬዛውን እንዳለ መኪናዋ ላይ አኑሩት አልኳቸው። ከዚያ በፊት አራት ጆንያ ጤፍ ጫንኩ። ባሌስትራው ተስተካክሏል፣ ጤፉ አያስፈልግም ነበር። ግን አንቺ ብለሻል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እኔን መከራ መክሮኛል።

ገመዳ ከኋላ የጫልቱን ራስ ይዞ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። ግራሩን አለፍን። ጩኸት ስጠብቅ ምንም አልሰማሁም። ዞር ብዬ ሳይ ጫልቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ደነገጥኩ። ገመዳ ተኝታለች አለኝ።

ከአዲስ አበባ ሴት ልጇን ታቅፋ ባለፈው ሳምንት ተመለሰች። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። ቃሬዛውን ጥላ ሥር አሳረፍነው። ገመዳ ውሃ ሊያመጣ ሄደ። እኔ ሐዲዱ ዳር ተቀምጬ ባቡሩን ጠበቅሁት። ብዙ ጠበቅሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንባዬም ይወርድ ነበር። ከአንቺ ጋር እንዲህ ቁጭ ብለን መጠበቅ እንችል እንደነበር ያወቅሁት እዚያ ነው።

ከእንግዲህ መኪናዋን ባዶዋን አልነዳትም። የሚጫን ባይኖር እንኳ አንድ ጆንያ ጤፍ አንቺ ትቀመጭበት ከነበረው ቦታ አኖራለሁ። ያለ ጭነት መሄድ እየቻለች ለምን ትደክማለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ሚስቴ አዝዛኝ ነው እለዋለሁ።

ባልሽ ተሰማ