ለፀሐይ ማጣሪያችን ስላሠሩልን ጣሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ የፍሳሽ ማጣሪያው ሠራተኛ ከኩሬው ዳር ሆኜ ዕድሜና ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ጤናውን፣ እኛ ግቢ ታሞ መዳን እየከበደ መጥቷልና።

1ኛ. ከበሽተኞች የሚወርደው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ርዝራዥ ወንዝ ገብቶ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዳይለምዱት፣ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ለፍተው፣ ናኖ የሚሉትን ለዓይን የማይታይ የቅንጣቶች ውሕድ ሰሌዳ ላይ ቀብተው ኩሬው ውስጥ ዘረጉልን። ሰሌዳው መድኃኒቱን ሰባብሮ ለማጥፋት የሚፈልገው ፀሐይ ብቻ ነው። እርስዎም የመንግሥት ንብረት ለፀሐይና ለዝናብ አይጋለጥም ብለው በሳምንቱ የቆርቆሮ ጣሪያ አሠሩበት። አቤት አሳቢነት! ይኸው ስድስት ወር ሙሉ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም።

2ኛ. ጨለማ ሆነብን ብዬ ባመለክት አምፖል አስገቡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ማጣሪያው ምንም አለመሥራቱን በደንብ አየዋለሁ።

3ኛ. እናታችን ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ከግቢው በታች ጎመን ታለማለች። ከኩሬያችን ወደ ወንዙ በሚወርደው ውኃ ውስጥ ቆማ ስታጠጣ መቆፈሪያው እግሯን ጫር አደረጋት። በሦስት ቀን የምትድን ጭረት ነበረች። አመረቀዘችና አራት ዓይነት የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጣት፤ አንዱም አልያዘላትም። ሐኪሞቹ ከወንዙ ነው ብለው አልማሉም፣ እኔም አላስምላቸውም። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አሯል። ጣሪያው ይነሣልን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው ተብያለሁ፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

4ኛ. በዓመቱ ምርጥ የንብረት አያያዝ ተሸልመው የምስክር ወረቀቱን እዚያው ጣሪያ ሥር ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። እህቴ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት።

ሌላ ቅሬታ የለኝም። ሹመትዎን ያጽናልዎ፤ እንደ ሰሌዳዎቻችን ክፉ ፀሐይ አያግኝዎ።

በጥላዎ ሥር የሚኖረው፣
የፍሳሽ ማጣሪያው ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ጣሪያውን ለማንሣት የሰባት ኃላፊዎች ፊርማ እንደሚያስፈልግና እስካሁን ሁለቱ ብቻ እንደፈረሙ ትናንት ተነግሮኛል። የእህቴን እግር ከጉልበቷ በላይ ለመቁረጥ ግን የአንድ ቤተሰብ ፊርማ ይበቃል አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ።