የወይራ አምባን ግድግዳ ያልለቀቁት እማሆይ የሺሃረግ ይሻው

እማሆይ የሺሃረግ ከአባታቸው ከአቶ ይሻው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈንታነሽ፣ በጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ብርዳም አገር፣ ጥር 21 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ደብረ ታቦር አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1961 ዓ.ም. የይፋግ እህል ነጋዴ ከነበሩት ከአቶ ተስፋነህ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ሕሊናን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1984 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸውን ድረው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት የሴቶች ገዳም ገብተው መነኮሱ። በ1999 ዓ.ም. እመ ምኔት ሆነው ተመረጡ።

እዚህ የቆምነው ሁሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን እናውቃታለን፤ የማያውቅ መስሎ የሚያፈርስ ስለበዛ ግን ይነገር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራች ክብ ናት። ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ዙሪያውን አቅፎ ይዞታል። በሮቿ ከላይ እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። የመቅደሱ ግድግዳ ሸራ ተለጥፎበት ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የገዳሙ እናቶች ቀይ አፈርና ጭድ ረግጠው፣ ሲብላላ የውጭውን ግድግዳ ይመርጉታል። ሴት መቅደስ አትገባም፤ ግድግዳው ግን የሴቶች እጅ ሥራ ነው። እማሆይ እመ ምኔት ሆነውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሁሉ ቀድመው ጭቃው ውስጥ ይገቡ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የሕንፃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ዳኛቸው፣ በዚህ ዘመን መነኮሳት ጭቃ ሲረግጡ ማየት ያሳፍራል አሉ። ማን አፈረ? እናቶች እንደሆን አላፈሩም። እማሆይ፣ ጭቃ የክረምቱን ውሃ በበጋ ይለቀዋል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያስቀረዋል ብለው ቢለምኑ፣ እርስዎ ጸሎትዎን ይያዙ ተባሉ። የውጭው ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም፣ የመቅደሱም ከሥዕሉ ጀርባ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ እልል ተባለ።

በአራተኛው ክረምት ግድግዳው አበጠ። ያ ሁሉ ሥዕል ከነሸራው ተላቆ መሬት ወደቀ። ኮሚቴው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቤተ ክርስቲያኗ አርጅታለች፣ ትፍረስና በብሎኬት ትሠራ! እማሆይ በጉባኤው መካከል ተነሥተው፣ «ያሳመማችኋት እናንተ፣ ካልቀበርናት የምትሉም እናንተ?» አሉ።

በማግስቱ እማሆይ መዶሻና መሮ ይዘው ሲሚንቶውን ማራገፍ ጀመሩ፤ እናቶችም ተከተሏቸው። የምሥራቁና የደቡቡ ወገን ተራግፎ በጭቃ ተመረገ፣ ደርቆም ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮሚቴው ይህን በዓይኑ እያየ የማፍረሻውን ቀን ቆረጠ። እማሆይም ቀኑ እንዳይቀድማቸው ባለፈው ክረምት የምዕራቡን ወገን በዝናብ ጭምር ሲሠሩ ብርድ መታቸው፣ ሳንባቸውም ታመመ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝተው ቢታከሙም ሊሻላቸው አልቻለም። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት አቶ ዳኛቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ለእማሆይ ክብር ሲባል እስከ አርባቸው ድረስ አይፈርስም አሉን። አከበሩን እኮ! ለሞቱለት ግድግዳ አርባ ቀን ተመረቀላቸው።

ልጃቸው ሕሊና፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው አቶ ፈንታሁን እና የገዳሙ እናቶች በሕይወት አሉ። ቤተሰቡ ድንኳን አይተክልም። ሲሚንቶው ገና ያልተነካው በሰሜን በኩል ነውና ሐዘን የምንቀመጠው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። እግዜር ያጽናችሁ ልትሉን የምትመጡ ሁሉ መዶሻ ይዛችሁ ኑ። አቶ ዳኛቸው፣ እርስዎም ይምጡ።

የእናታችንን ነፍስ ኪዳነ ምሕረት በቃል ኪዳኗ ታሳርፍልን፤ እኛን ግን ይህ ግድግዳ ከሲሚንቶው ሳይጠራ አታሳርፈን። አሜን።