ጋሽ ኢቮን ከኪሳቸው ያላወጡት ወረቀት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018፤ ጋሉስ፣ ጀርመን

ዛሬ ጋሽ ኢቮን አናደውኝ ነበር። ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ወጥ ቤት አንጋፋው ምግብ አብሳይ ናቸው፤ አገራቸው ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ የሚባለው ክፍል ነው። "ጋሽ" ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ደስ ይላቸዋል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግጥማቸውን እንዲያነቡ ተጋብዘው፣ "የማውቀው ፊት እንዳላጣ ነይልኝ" ስላሉኝ ሄድኩ።

በብሬታኝ ቋንቋ፣ በብሬቶንኛ ብቻ አነበቡ። ጀርመንኛው ትርጉም ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሥራ እረፍታችን፣ በፓውዛችን አብረን ለፍተንበታል! ሰዉ አንድ በአንድ ሾልኮ ወጣ።

"ምነው ሳያነቡት ቀሩ?" አልኳቸው ስንወጣ።

"እሱን ካነበብኩማ ብሬቶንኛውን ማን ይሰማል? እናቴ በዚህ ቋንቋ በማውራቷ ትምህርት ቤት ተገርፋለች። እኔንም ሳታስተምረኝ ሞተች። በአርባ ዓመቴ ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት። አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ይሰማ።"

ንዴቴ በረደ። "የአንቺስ እናት ቋንቋ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አማርኛ" አልኩ። ምን እንዳስዋሸኝ እንጃ። የእናቴ ቋንቋ ሀዲይኛ ነው። አዲስ አበባ የገባን ጊዜ አባቴ "ልጆቹ እንዳይሳቅባቸው" ብሎ ከቤት አስቀረው።

ቤት እንደገባሁ አሁን ሆሳዕና ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ሕፃን ሆነን በሀዲይኛ እያዜምሽ የምታስተኚንን እሹሩሩ እስቲ በይልኝ" አልኳት።

 

"በአማርኛ ልበልልሽ ልጄ?" አለችኝ፤ "እንዳይከብድሽ።"