እንትፍ ያልሽበት አንሶላ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ ዘይነባ፤
ቢስቲማ።

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? በጣም፣ በጣም እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ዝናብ ሲቃረብ የሚጠዘጥዝሽ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ? ዛኪር ዓይንሽን ለሐኪም አሳያለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እስካሁን ካልወሰደሽ ይህን ሲያነብልሽ እዚህ ላይ ቆም ይበልና ይፈር። ቀይዋ ላምስ ወለደች? እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስልሽ እንደ ወትሮው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ ሱሃይላንም ቆጥሬ ነው። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

ለምን አልደወልሽም እንደምትይኝ አውቃለሁ። ብደውል ገና ወሬው መሐል ሳልደርስ ተቆጥተሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ዛኪር፣ አንተ ወንድሜ፣ ብትቆጣም ባትቆጣም እስከ መጨረሻው አንብብላት፤ አደራ። መጀመሪያ የሚያስቆጣሽን ልጻፍና እንገላገል።

አምና ለአረፋ እኛ ዘንድ ስትመጪ በገዛ እጅሽ ፈትለሽ ያሸመንሽውን የጥጥ አንሶላ ለሱሃይላ ይዘሽላት መጣሽ። አልጋዋ ላይ ዘረጋሽው፣ ዱዓ አደረግሽ፣ አንሶላውንም ልጅቷንም እንትፍ እንትፍ ብለሽ መረቅሻቸው። እኔም ያንን ምርቃት በውሃ አላስወስድም ብዬ ዓመት ሙሉ ሳላጥበው አስተኛኋት። ይኸው ተናገርኩት፤ ዓመት ሙሉ! ጠዋት ጠዋት በር ላይ አራግፈዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ውሃ ግን በዓይኑም አላየ። የአዳማን አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ በዚያ ላይ ባጃጆቹ ሲያቦኑት፣ በግድግዳው በኩል የሚገባ ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ አንሶላው ላይ እያረፈ፣ የአንሶላው ጥጥም እየረገፈ፣ ልጄ በአፍንጫዋ ስትስበው ከረመች።

የሱሃይላ ደረት ከዚያ ወዲህ እንደባሰበት አንቺም ሰምተሻል። በሚያዝያ ወር ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ነርሷ፣ ሲስተር ይርጋለም፣ አስም መሆኑን ነገረችንና በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሰጠችን። ከዚያ መለስ ብላ የምትተኛበትን አልጋ እዩላት፣ አቧራና የጥጥ ብናኝ ያስነሳባታል አለችኝ። እኔ ብልጧ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያንቺን አንሶላ ሳልነካ በላዩ ላይ ሌላ ደረብኩበት! ገበያ ወርጄ ሲዳብሱት እንደ ጫጩት የሚለሰልሰውን፣ ጸጉር ጸጉር ያለውን መርጬ ገዛሁ፤ ለስላሳ ሁሉ ደግ መስሎኝ። ከብርድ ልብሱና ከአባቷ ከጠሃ ፎጣ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ኦሞው ሳፋውን ሞልቶ ካልፈሰሰ የታጠበ አይመስለኝም፤ በረኪናም ጨመርኩበት። ከገመድ ሳወርደው ጥቁር ሻሼ ላይ ነጭ በነጭ ተራገፈበት፤ ወፍጮ ቤት ውዬ የመጣሁ መሰልኩ። ንጽሕናው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱሃይላ ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ጠሃ ወደ ዱከም ፋብሪካ የሚያደርሳቸውን ሠራተኞች ሚኒባስ ላይ ጭኖ ሊነሳ ሲል ነው የደረስኩበት። ዕድሜ ይስጣቸው፣ አንዱም ሳያጉረመርም ወርደው ቦታ ለቀቁልን። ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ሰጥተዋት እስኪመለስላት ድረስ እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጠሃ የደወለልሽ ያን ቀን ነው። ልጅቷን ስጡኝ፣ የእኛ አገር አየር ንጹሕ ነው፣ እዚሁ አስተምራታለሁ አልሽው። እሱም ትምህርት ሲዘጋ አመጣታለሁ ብሎ ቃል ገባልሽ።

እማዬ፣ አንቺም እውነትሽን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው። እኔ ግን ሻንጣዋን ሳዘጋጅ አንጀቴ ተቆረጠ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ለአረፋ ልብስ ሳለብሳት ይህ እኔ ጋ የመጨረሻዋ አረፋ ቢሆንስ እያልኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ጠሃን ለመንኩት፤ ትምህርት እስኪዘጋ ያለችውን አንድ ወር ስጠኝ፣ አንድ ነገር ልሞክር አልኩት። እሺ አለ። በዚህ መሐል አንድ ጊዜ እንኳን ወደ ጤና ጣቢያ ካስሮጠችን ግን በነጋታው ቢስቲማ ነን፣ ሌላ ቃል እንዳትናገሪኝ አለ። ምን እንደምሞክር እኔም አላውቅም ነበር።

ያዳነችኝ ገላኔ ናት። ስትመጪ አላገኘሻትም፤ በኋላ ነው ግቢያችን ተከራይታ የገባችው። ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ስታጥብ የኖረች ናት። አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ወርቅ ነው። በነጋታው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እያለች ስትገባ በመስኮት የገባው ፀሐይ አልጋው ላይ አርፎ ነበርና ብናኙ ሲንሳፈፍ አየችው። እዚህ ቤት ጥጥ ይባዘታል እንዴ አለችኝ። አንሶላውን በእጇ መታ ስታደርገው እንደ ጭስ ተነሳ። የላይኛውን ገለጠችና ያንቺኛውን አገኘችው። ለምን እንዳላጠብኩት ምክንያቱን ነገርኳት። ሰማችኝና፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ልጅቷንስ እናትሽ ያን ዕለት መርቀዋት የለም እንዴ፣ ታዲያ ዓመት ሙሉ ገላዋን አላጠብሻትም ወይ አለችኝ።

በሳቅ ፈነዳሁ፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። እውነቷን ነው። ያንቺ ምርቃት ከልጄ ገላ ላይ በሳሙና ካልወጣ ከጥጥ ላይ አይወጣም። አንሶላሽን አጠብኩት እማዬ። የምትቆጪው እዚህ ላይ ከሆነ ተቆጪ፣ እጠብቅሻለሁ። የመጀመሪያው ውሃ ክረምት ላይ አዋሽን አይተሽ እንደሆነ እንደዚያ ነው። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አቧራው ለቀቀ፣ ብናኙ ግን አልተወውም። ጥጡ ጥፋት የለበትም፤ ለሙቀት ብለሽ ላላ አድርገሽ ስለፈተልሽው ነው። ለሱሃይላ ደረት አይሆንም። አሁን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ለሰርጓ አወጣዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ከዚያ ገላኔ እጄን ይዛ ገበያ ወሰደችኝ። የጨርቃ ጨርቁ መደዳ ላይ መሐመድዘይን የሚባል ነጋዴ አለ፤ እሱ ላይ ወረድንበት። አንሶላውን እየዘረጋች ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች። ብርሃን በክሩ መሐል የሚሾልክ ከሆነ ሽመናው ልቅ ነው፣ ይረግፋል ብላ ትመልሰዋለች። ጥቅጥቅ ያለውን ስታገኝ የእኔን ጥቁር ሻሽ ጫፍ ትይዝና አንሶላውን ፈተግ ፈተግ አድርጋበት ሻሹን ታየዋለች። ነጭ ከያዘ አይሆንም። መሐመድዘይን ዕቃዬን ልትልጡት ነው ወይ ብሎ ጮኸ። አንቺ እያለሽልን እኛ ጨርቅ ለዪ ሆንን አልኩ በልቤ፤ ስትፈትይ አጫጭሩን ጥጥ እየለቀምሽ ስታወጪ፣ ረጅሙ ነው ክሩን የሚይዘው ስትይ ትዝ አለኝና። ለካ ነገሩን ከልጅነቴ አውቀው ኖሯል፣ ገበያ ስገባ ነው የጠፋኝ። ያለውን ሁሉ ካስዘረጋነው በኋላ ከሥር አንድ ነጭ አወጣ። ዳር እስከ ዳር ጥጥ ነው፣ ሲዳብሱት ቀዝቀዝ ይላል፣ ልስልስ ብሎም አያታልልም። ሻሼን ብፈትግበት፣ ብፈትግበት፣ ምንም! ሁለት ያዝኩ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲነጠፍ።

አጠባጠቤንም ከሥሩ አስጣለችኝ። አዲስ አንሶላ ሳይታጠብ አይነጠፍም። አንሶላ ለብቻው ነው የሚታጠበው፤ ፎጣና ብርድ ልብስ ጸጉራቸውን ይለጥፉበታል። ኦሞ ጥቂት፣ በረኪና ጭራሽ የለም፤ ክሩን እየበላው ነው የሚረግፈው አለችኝ። በሙቅ ውሃ አጥቤ ውሃው ኩልል እስኪል አለቀልቀዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሲኒ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ። ይሸታል ብዬ ነበር፣ ሲደርቅ ምንም አይሸትም። ከማስጣቴ በፊት እኔና ገላኔ ጫፍና ጫፉን ይዘን ጧ ጧ እያደረግን እናራግፈዋለን፤ ግቢው ሁሉ ይነቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሰጣለሁ፣ ነፋሱ ሳይነሳ አራት ሰዓት ላይ አወርደዋለሁ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ገመድ ላይ ትቼው እውል ነበር፣ ለመንገዱ አቧራ ወጥመድ ዘርግቼ! ጠሃንም የሥራ ጃኬቱን ውጭ ሰቅሎ እንዲገባ አዘዝኩት። ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆንኩ ብሎ አጉረመረመ። ሰቀለ ግን።

የመጀመሪያው ሳምንት ብዙም አልተለወጠች፤ ተስፋዬ ሊያልቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ለሱብሂ ስነሳ አንድ ነገር ግር አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስብ ለካ ሌሊቱን ማንም አልቀሰቀሰኝም። ሮጬ ሄድኩ። ተኝታለች፤ አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች። ፉጨት የለ፣ ሲር ሲር የለ። ያን ዕለት ሶላቴን በእንባ ነው የሰገድኩት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ቀን አለፈ፤ አንድም ቀን አልሮጥንም።

ሰኞ ዕለት ትምህርት ተዘጋ፣ ቀጠሮዋም ነበረና ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ይርጋለም ደረቷንም ጀርባዋንም አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ጠሃ ጆሮ ላይ ሰካችለት። ጠሃ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ሻንጣዋን ፍቺው አለኝ። አንሶላው ብቻውን አዳናት ብዬ አልዋሽሽም፤ መድኃኒቱን እየሳበች ነው፣ ሲስተርም ደህና ሆነች ብላችሁ እንዳታቋርጡ ብላ አስጠንቅቃናለች። ግን እሷም አልጋውን ያስተካከለው ማነው ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ዞረው አዩኝ። ይዩኝ!

አሁንማ ዝናዬ ወጥቷል። የግቢያችን ሴቶች ገበያ ሲወጡ ጥቁር ሻሽ ካላደረጉ አይሄዱም። መሐመድዘይን ከሩቅ ሲያየኝ ፈታኟ መጣች ይልና ለስላሳ ለስላሳውን ከፊት ያነሳል።

ስለዚህ እማዬ፣ ሱሃይላ አትመጣም። አልጋ አዘጋጅተሽ፣ ትምህርት ቤት ጠይቀሽ እየጠበቅሻት እንደሆነ ዛኪር ነግሮኛል፤ ይህ እንደሚያሳዝንሽ አውቄ ነው የምጽፈው። ይቅር በዪኝ። ልጄ እንድትተርፍ ብለሽ ጠራሻት። እኔ ደግሞ ድናለችና መጥተሽ እያት ብዬ ነው የምጠራሽ። ዝናቡ ሲያባራ ጠሃ መጥቶ ይወስድሻል።

ዛኪርን ሳሚልኝ፣ ስላነበበልሽም አመስግኚልኝ። ሚስቱን ፈውዚያን፣ የያዝሽውን በሰላም ይገላግልሽ ብላሻለች በያት። አጎቴን ሰይድን፣ ጎረቤቶቻችንንም በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። ጠሃ እጅ ነስቷል፤ ቃሌን ያጠፍኩት በደስታ ነው በያት ብሏል። ገላኔም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች።

ሱሃይላ ራሷ ሁለት መስመር እንድትጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። ግን ይህን ስጽፍልሽ ውጭ ከግቢው ልጆች ጋር እየሮጠች ነው። አዎ እማዬ፣ እየሮጠች። ሳቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ልጠራት ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ልጅሽ ዙህራ
አዳማ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.