ኢራቅ ሜዳ ላይ ያየሁት ፎቶህ

ታዴዬ፣ የእኔ ጌታ፣

አርባህ ወጥቶ ሰማንያህ እየተቃረበ ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ጠዋት ስነቃ ወደ አንተ በኩል እዞራለሁ። ጫማህን አስረህ፣ "ቶሎ እመጣለሁ" ብለህ ወደ ኤርፖርት ሥራህ ወጣህ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ልቡ ቆመ ብለው ደወሉልኝ። አሁንም ያ ስልክ ጆሮዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ለቅሶ ደራሹ ከቀነሰ ወዲህ እዚህ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ቤቱ ውስጥ እኔና ልጃችን ሄለን ብቻ ነን። መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ወንበርህን ወደ ፊት ስትስበው አየሁና ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ትናንቱ ነው፤ ገና አልተረጋጋሁም። ጎረቤታችን ከሪም በጠዋት አንኳኳ። ዓርብ በዕረፍትህ ቀን እሱ ቤት ኳስ ታይ እንደነበር አውቃለሁ። በስደት ካርቱም ሳለህ የለመድከው አረብኛ እንዳቀራረባችሁም አውቃለሁ። የምታዩት እሱ የተወለደባት ከተማ ክለብ ነበር፣ ከኢራቅ ዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት፣ ከከተማዋ ሰው በቀር ማንም የማያውቀው። ስንቴ ስቄባችኋለሁ። ከሪም በሩ ላይ ቆሞ "ሲስተር፣ ፕሊስ፣ ከም" አለኝ። ሄለንን ይዤ ተከተልኩት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሣሩ እዚህም እዚያም የተመለጠ ሜዳ ይታያል። ተጫዋቾቹ መሃል ላይ ቆሙ፤ በረኛው ትልቅ ጨርቅ ዘረጋ። ፊትህ ነው። የክለቡን አረንጓዴ ማሊያ ለብሰህ፣ ማተብህ አንገትህ ላይ እየታየ፣ በራችን ላይ የበረዶ አካፋ ይዘህ ትስቃለህ። ፎቶውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሄለን "ዛትስ ዳድ" አለች። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ የህሊና ጸሎት እያደረጉልህ ነበር። ከፊሎቹ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። እግርህ ባልረገጠው አገር፣ ታዴ።

ከሪም ለሄለን በእንግሊዝኛ፣ እሷ ደግሞ ለእኔ እየተረጎመች ነገሩኝ። በረኛው የእህቱ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጣ ቡድኑ ተሸነፈ፤ ደጋፊው ሰደበውና ኳስ በቃኝ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ያኔ ከሪም ሲደውልለት ስልኩን ለአንተ ሰጠህ። "እኔም በካርቱም የስደተኞች ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ ስንቷ ገብታብኛለች መሰለህ" አልከው። ልጁም ወደ ሜዳ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከየጨዋታው በኋላ ትደውልለት ነበር፤ ጓደኞቹም ስልኩን እየተቀባበሉ ያናግሩህ ነበር አሉኝ፣ አሰልጣኙ ሳይቀር። ይህን ሁሉ ሰው ከእኔ ደብቀህ እንዴት ኖርክ ብዬ ተናደድኩብህ። የተናደድኩት ግን አሁን ልጠይቅህ ስለማልችል ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። አቻ ቢወጡ ሊጉ ላይ ይቆያሉ። እስከ መጨረሻው ያዙት፤ ከዚያ አንድ ገባባቸው። ወረዱ። በረኛው ሣሩ ላይ ተደፋ፤ ከሪም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ኳስ የማልወደዋ ለማላውቀው ሰው ልጅ አነባሁ።

ትንሽ ቆይቶ ልጁ በቪዲዮ ደወለ። ከሪም ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ላይ አፈር አለ። ላጽናናው ስል እሱ ቀደመኝና ጥርት ባለ አማርኛ "አይዞህ" አለኝ። ስልክ ስትዘጋ ሁልጊዜ የምትለው ነበር አሉ። ለሴት አይዞሽ እንደሚባል አልነገርከውም።

አላረምኩትም። "አይዞህ" ብዬ መለስኩለት።

ታዴዬ፣ በቁሜ ሳለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ቡድኑ በወረደበት ሊግ መጫወት ሲጀምር ከሪም አጠገብ ቦታህ ላይ እቀመጣለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ለልጁ እኔ እደውልለታለሁ።

የአንተዋ ሰናይት