እየሰሙ መተኛት

«እንቅልፍ አይደለም፣ ሁሉንም እሰማለሁ» ነው በደብዳቤህ ስለ ሂፕኖሲሱ የምትለው፣ ከድር? እየሰማህ ዓይንህን ከጨፈንክማ ያው የድሮ ውሸትህ ነው። ይህን ያለችው እማዬ ናት፤ እኔ እህትህ ዚነት ጻፊ ያለችኝን ነው የምጽፈው። «አላህ ያሽርህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ» ብላሃለች። መካኒሳ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፣ ቀበሌም እሁድ እሁድ ስብሰባ ይጠራናል።

እግርህ ሲሰበር ለሕመም ተሰጥቶህ የለመድከውን ሞርፊን፣ ልትማር በሄድክበት በኪየቭ ያሉ ሐኪሞች በክኒንም፣ እያናገሩ በሚያፈዙበት በሂፕኖሲስም ሊያስተዉህ እንደሆነ ሳነብላት ሳቀች፤ ከዚያ ግን ፊቷ ጠቆረ። «ውሃ ቅዳ ሲባል እያንኮራፋ የሚሸውደኝ ልጅ ሐኪም ማታለል ያቅተዋል?» አለች። «የወስፋት ክኒኑንስ ምላሱ ሥር ደብቆ አጥር ሥር ይተፋ አልነበር?»

እኔም ጠርጥሬሃለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙን እየሸወድክ ከሆነ ግን ደደቡ አንተ ነህ።

እማዬ የምትለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ሂፕኖሲሱ ያዘህም አልያዘህም ክኒኑን ዋጥ። ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል፣ እሷ ታውቀዋለች። አላህ ቀና ቀን ያውጣልህ። ደብዳቤው በደረሰህ ቀን ስልክ ካለው ከጎረቤታችን ከሙፊዳ ሱቅ ደውል፤ እማዬ ከዚያ አትጠፋም። ሙፊዳ ሲመሽ ትዘጋለች፣ ሳይመሽ ደውል።